የወንጀልና የፍትሕ ትምህርትስ የማን ነው?



ፍሬሽ ተማሪዎች የዲፓርትመንት ምርጫ ቅጽ የሚሞሉበት ሰሞን ነው። ከዙህር በኋላ በመስጂዱ ደጃፍ ጫማ ሲፈለግ የሚወራው ሁሉ ይኸው ሆኗል። ሶፍትዌር ይሻላል ወይስ ኤሌክትሪካል? ፋርማሲ ሥራ አለው? አካውንቲንግ ሞልቷል ይባላል፣ እውነት ነው? እኛ የኢንጂነሪንግ ልጆች ስለሆንን ብዙዎቻችሁ ወደ እኛ ትመጣላችሁ፤ ስለ መቁረጫ ነጥብ፣ ስለ ድሮዊንግ ኮርስ፣ ስለ ኢንተርንሺፕ ትጠይቁናላችሁ። ደስ ብሎን እንመልሳለን። እስካሁን ግን አንድም ልጅ መጥቶ "ሕግ ልግባ ብዬ አስባለሁ፤ ወንጀልንና የወንጀል ፍትሕን ማጥናት እፈልጋለሁ፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?" ያለን የለም። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ለዚያ ላልመጣው ልጅ ነው።

ክሪሚኖሎጂ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የፊልም መርማሪ ነው። ትምህርቱ ግን ሰፊ ነው። ወንጀል ለምን ይፈጸማል? ለምን በአንዱ ሰፈር በዝቶ በሌላው ያንሳል? ከዚያ ቀጥሎ የወንጀል ፍትሕ የሚባለው ይመጣል፤ ፖሊስ እንዴት ይመረምራል፣ ዐቃቤ ሕግ ምን ሲያገኝ ይከሳል፣ ዳኛ የትኛውን ማስረጃ ይቀበላል፣ የተፈረደበት ሰው ማረሚያ ቤት ገብቶ ምን ሆኖ ይወጣል። በአገራችን ሰንዳፋ ያለው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው ለዚሁ ሥራ ነው። በየዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤቶች የወንጀል ሕግና የወንጀል ሥነ ሥርዓት ይሰጣል። ሶሲዮሎጂ ወይም ሳይኮሎጂ የገባ ሰውም ከመስኩ ብዙ አይርቅም።

ከመካከላችን የምሥራቅ ጎጃም ልጆች አሉ። ከደጀን ተነስቶ በየጥኖራ፣ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ የሚደርሰውን መንገድ ለእረፍት ሲሄዱና ሲመለሱ የሚያውቁት ናቸው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ጁሙዓ ቀን ሞጣ ላይ የሆነውን እነሱ ሊነግሩን አያስፈልግም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እሳት ታየ ተባለ፤ ወሬው ከእሳቱ ፈጥኖ ከተማውን አዳረሰ፤ ከዚያ መስጂዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተዘረፉ፣ ነደዱ። በቀናት ውስጥ ተጠርጣሪዎች መያዛቸው ተነገረ። በየከተማው ሰልፍ ተወጣ፤ ለመልሶ ግንባታ ገንዘብ ተሰበሰበ፤ ድርጊቱን ክርስቲያን ወገኖቻችንም አወገዙት።

ያኔ እኛ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን፤ ዱዓ ከማድረግና ከየኪሳችን ካለችው ከማዋጣት ሌላ የምንችለው አልነበረም። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ስናስበው የሚመጡብን ጥያቄዎች ተለውጠዋል። የመጀመሪያው እሳት መነሻ የት ነበር? ማን መረመረው? በምን መሣሪያ? ወሬው ከየትኛው አፍ፣ ከየትኛው ስልክ ተነሳ? የተያዙት ሰዎች በየትኛው አንቀጽ ተከሰሱ? ሱቁ የነደደበት ነጋዴ ካሳ የሚጠይቀው በየት በኩል ነው? የ1996 የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 101 ተጎጂው የካሳ ጥያቄውን ከወንጀል ክሱ ጋር አጣምሮ ማቅረብ እንደሚችል ይናገራል። ይህን የሚያውቅ ስንት ባለ ሱቅ አለ? መስጂድን ለማደስ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚገዛ ብዙ ደግ ሰው አግኝተናል፤ አልሐምዱሊላህ። መዝገብ ከፍቶ ገጽ በገጽ የሚያነብ ግን እንደዚያ በቀላሉ አይገኝም።

እዚህ ላይ እንደ ኢንጂነሪንግ ተማሪ አንድ ነገር እንጨምር፤ ከሙያችን ወጥተን አናወራም። እሳት ይናገራል። ግድግዳ ላይ የተወው ጥላሸት ከየት ተነስቶ ወዴት እንደወጣ ያሳያል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ኮንታክት ፈጥሮ ሲቀልጥ መዳቡ ላይ ትንንሽ ጠብታ የመሰለ ምልክት ሊተው ይችላል። ቤንዚን ሲደፋ ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ቅሪቱ ላቦራቶሪ ሊያገኘው በሚችል መጠን ይቀራል። ታዲያ ይህ ሁሉ የሚጠፋው በቶሎ ነው፤ ዝናብ ይዘንብበታል፣ ሕዝብ ይረግጠዋል፣ ቅን ልቦና ያላቸው ወጣቶች ፍርስራሹን በአካፋ ያጸዱታል። ጽዳቱ ኸይር ሥራ ነው፤ ግን ባለሙያ ፎቶ ሳያነሳና ናሙና ሳይወስድ ከተጸዳ እውነቱም አብሮ በጋሪ ተጭኖ ይሄዳል።

የእሳት ምርመራ በቅጡ ካልተሠራ ደግሞ በሌላው አቅጣጫ ሰው ይበላል። አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ካሜሮን ቶድ ዊሊንግሃም የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1991 ሦስት ሴት ልጆቹ በቤት ቃጠሎ ሞቱበት። መርማሪዎች ወለሉ ላይ ያዩትን የቃጠሎ ቅርጽ ተመልክተው "ሆን ብሎ ነዳጅ ደፍቶ ነው" አሉ። በ2004 ተገደለ። ከዚያ በፊትም በኋላም ጉዳዩን ያዩ የእሳት ሳይንስ ባለሙያዎች መርማሪዎቹ ማስረጃ ያሉት ነገር ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ጻፉ፤ ክፍል ሙሉ በሙሉ ሲነድ ያለ ነዳጅም ያንኑ ቅርጽ ሊተው ይችላል። ስለዚህ ሕግ የሚማረው ብቻ ሳይሆን ኬሚስትሪና ኢንጂነሪንግ የሚማረውም ወደዚህ መስክ የሚገባበት በር አለው። ፎረንሲክ ማለት ይኸው ነው።

መድረሳ የቀራን ሰዎች ይህ ሐሳብ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። ሱረቱ ዩሱፍን ከልጅነታችን ጀምረን ቀርተናታል። በዚያ ታሪክ ውስጥ በአንድ ሴትና በአንድ ወጣት መካከል ክስ ሲነሳ፣ ምስክር በሌለበት፣ ነገሩ የተፈታው በሸሚዝ ነው፤ ከፊት ነው የተቀደደው ወይስ ከኋላ? ኢብኑል ቀይም (ረሒመሁላህ) ስለ ፍርድ ማስረጃዎች በጻፉት አጡሩቁል ሑክሚያ በተሰኘው ኪታባቸው ይህን የመሰለውን ሁኔታዊ ማስረጃ፣ ቀሪና የሚባለውን፣ በሰፊው አንስተውታል። ዳኛ ምስክር ብቻ ቆጥሮ ዓይኑን ከጨፈነ ሐቅ እንደሚጠፋ ነው የሚከራከሩት። ሰባት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ክርክር ነው።

የዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ሌላ ቦታ ላይም ቆም ብለን እንየው። ንጉሡ "ከእስር አውጡት" ብሎ መልእክተኛ ሲልክ ዩሱፍ ወዲያው ሮጠው አልወጡም። መጀመሪያ ጉዳዩ እንዲጣራ፣ ሴቶቹ እንዲጠየቁ ፈለጉ። ለዓመታት የታሰረ ሰው በሩ ሲከፈትለት ምርመራ መጠየቁን አስቡት! በአገራችን የፍትሕ ታሪክ ብዙ ሰው የሚፈታው በይቅርታ ወይም ክሱ ተቋርጦ ነው። ከ2004 ጀምሮ የድምፃችን ይሰማ እንቅስቃሴ በነበረበት ጊዜ የሙስሊሙ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ተያዙ፤ በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከሰው በሐምሌ 2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፤ እስከ 2010 ድረስ በተለያየ ጊዜ ተፈቱ። ያ አዋጅ ራሱ በ2012 በሌላ ተተካ። መፈታታቸው ደስታ ነበር። ይቅርታ ግን ስምን አያጸዳም፤ ይቅርታ የሚደረገው ላጠፋ ሰው ነውና። ዩሱፍ የፈለጉት ይህን አልነበረም። በዚህ ልዩነት ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ የሕግ ተማሪ ብናገኝ እኛ ራሳችን ታይፕ እናደርግለታለን።

አንዳንድ ወንድሞች የሚያነሱትን ተቃውሞ እናውቀዋለን። "ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ መሆን ዙልምን ማገዝ ነው፤ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን እሰሩ ይሉሃል" ይላሉ። ቀላል ተቃውሞ አይደለም፤ ሰለፎቻችንም አንስተውታል። ኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) ኸሊፋው አልመንሱር ቃዲ ሁኑ ሲላቸው እምቢ አሉ፤ ታስረውም እንደሞቱ ይነገራል። የእሳቸው ደረሳ አቡ ዩሱፍ ግን ኋላ በሃሩን አርረሺድ ዘመን የቃዲዎች አለቃ ሆኑ። ሹመቱን ይዘው ምን አደረጉ? ለኸሊፋው በጻፉት ኪታቡል ኸራጅ ውስጥ ስለ እስረኞች አንስተዋል፤ ምግባቸው ከመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲቆረጥላቸው፣ የክረምትና የበጋ ልብስ እንዲሰጣቸው፣ በሰንሰለት ታስረው ለልመና እንዳይወጡ፣ በጥርጣሬ ብቻ ሰው እንዳይደበደብ። ኢማሙም ደረሳውም በኡማው ዘንድ የተከበሩ ናቸው። ነፍሱን ፈርቶ የሚርቅ የአቡ ሐኒፋን መንገድ ይያዝ። ግን ሁላችንም ራቅን ብንል እስረኛው ብርድ ልብስ የሚያገኘው በማን በኩል ነው?

ደግሞ መስኩ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ብቻ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይናገራል፤ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት አለው፤ ጠበቃ ለማቆም አቅም አጥቶ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነም መንግሥት ያቆምለታል። ያ የሚቆመው ተከላካይ ጠበቃ ማን ነው? ማረሚያ ቤት ውስጥ ለወጣት ጥፋተኛ ምክር የሚሰጠው ማን ነው? የተደፈረች ልጅ ቃሏን ስትሰጥ ፊት ለፊቷ የምትቀመጠው መርማሪ ማን ናት? እህቶቻችን እዚህ ጋ ልብ በሉ። ጎረቤታችን ላይ ክፉ ነገር ሲደርስ ለወንድ መርማሪ አፍ አውጥታ መናገር የምታፍር እናት ስንት አለች?

"እኛ የሸሪዓ ፍርድ ቤት አለን" የሚልም አይጠፋም። አለን፤ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ተደራጅተዋል። የሚያዩት ግን ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ውርስን፣ ወቅፍንና የመሳሰለውን ነው፤ ያውም ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ። የመስጂድ ቃጠሎ መዝገብ እዚያ አይከፈትም።

ወደ ጎጃም እንመለስ፤ ወንጀልን ለማጥናት እንደዚያ አገር የሚያስተምር ጥቂት ነው። የቢቸና ልጆች በኩራት የሚያነሷቸው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ልጅ ሳሉ አባታቸው ተገደሉባቸው። አድገው ሸፈቱ። ጣሊያን ሲመጣ አርበኛ ሆኑ፤ አባይን ተሻግሮ እንዳይረጋ አድርገው ተዋጉት። ከነጻነት በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጣልተው ታሰሩ፤ ከእስር አምልጠው ተያዙ፤ ጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተገደሉ። አንድ ሰው በአሥር ዓመት ውስጥ ሽፍታ፣ አርበኛ፣ ወንጀለኛ ተባለ፤ ዛሬ ደግሞ ጀግና ነው። ሰውየው ያው ነው፤ ስያሜውን የሰጠው አካል ግን ይለዋወጣል። ሃዋርድ ቤከር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ ጥፋተኝነት ከድርጊቱ ባልተናነሰ ማኅበረሰቡ በሚለጥፈው ስም ይፈጠራል ብሎ ሲጽፍ አዲስ ነገር ያገኘ ይመስል ነበር፤ የቢቸና ሽማግሌ ቢጠየቁ ከዚያ በፊት ይነግሩት ነበር።

አውጫጭኝም አለ። ጥንት ሌብነት ወይም ግድያ ተፈጽሞ ጥፋተኛው ሲሰወር የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ያልመጣ ይቀጣል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ እርሻም ገበያም የለም። ካልተገኘ ሁሉም በጋራ ይከፍላል። በጎ ጎኑ ይታያል፤ ማኅበረሰቡ "አያገባኝም" ማለት አይችልም። ችግሩም ይታያል። የተራበና የሰለቸ ሕዝብ ደካማውን፣ መጤውን፣ ዘመድ የሌለውን ጠቁሞ ወደ ቤቱ መሄድ ይቀናዋል። ሌባሻይ ከዚህም ይብሳል፤ አንድ ልጅ አደንዛዥ ነገር ጠጥቶ እየተወላገደ ሮጦ የወደቀበት ቤት የሌባ ቤት ይባል ነበር። ዛሬ ሌባሻይ የለም እንላለን። በፌስቡክ የተለጠፈ አንድ ፎቶ አይቶ የሚሮጥ ሕዝብ ግን አለ፤ የሚወድቅበትንም ቤት አይመርጥም። ሱረቱል ሑጁራት ወሬን ስለማጣራት የምታስተምረውን በሐለቃችን ስንቀራ የሞጣን ጁሙዓ አብረን ብናስብ መልካም ነው። መንግሥትም ከዚያ ቀን ጥቂት ወራት በኋላ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አውጥቷል። አዋጁ ለበጎም ለክፉም ሊውል የሚችል ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው አፈጻጸሙን መዝገብ በመዝገብ የሚከታተል ሰው ሲኖር ነው።

አንድ ከባድ ነገር ሳንል አንለፍ። ይህን ትምህርት የምንማረው "የኛን ሰው ለማስፈታትና የእነሱን ለማሳሰር" ከሆነ ባንማረው ይሻላል። ሱረቱ ኒሳእ ውስጥ ካለ አንድ ክፍል ጋር ተያይዞ የተፍሲር ሊቃውንት የሚያወሱት ታሪክ አለ። ከመዲና ሰዎች አንዱ የጦር ልብስ ሰርቆ ጥፋቱን በአንድ አይሁዳዊ ላይ ላከከው፤ ወገኖቹም ለእሱ ሊከራከሩለት መጡ። ወሕዩ የወረደው አይሁዳዊውን ነጻ ሊያወጣ ነው። ለከዳተኛ ጠበቃ አትሁኑ የሚለው ትምህርት የመጣው ለኛ ወገን ለቆሙት ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ጎንደር ላይ ለቀብር የወጡ ሙስሊሞች ተገደሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ጎንደርን ስናነሳ ድምፃችን የሚወፍር፣ ወራቤን ስናነሳ የሚቀጥን ከሆነ የተማርነው ወንጀልን አይደለም። ቺካጎ ላይ ሾውና ማኬይ የተባሉ ተመራማሪዎች የወጣት ጥፋተኞችን አድራሻ ለዓመታት በካርታ ላይ ሲመዘግቡ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ በአንድ ሰፈር የሚኖረው ሕዝብ ሄዶ በሌላ አገር ስደተኛ ሲተካ እንኳ የሰፈሩ የወንጀል ብዛት ብዙም አይቀየርም፤ ከዚያ የወጡት ደግሞ ሌላ ሰፈር ሲገቡ ልጆቻቸው ይረጋጋሉ። ወንጀል ከዘር ይልቅ ከኑሮና ከቦታ ጋር ይጣበቃል ማለት ነው። "እነሱ እንዲህ ናቸው" የሚለው ወሬ፣ ስለኛም ሲባል ስለሌላውም ሲባል፣ በዚህ ካርታ ፊት አይቆምም።

ቤተሰብስ? እዚህ ላይ ብዙ ልጅ ይሰናከላል። አባቶቻችን በሱቅና በሽመና ያሳደጉን ሰዎች ናቸው፤ "ልጄ ዶክተር ነው"፣ "ልጄ ኢንጂነር ነው" ማለት ያምርባቸዋል። "ልጄ ወንጀል ይማራል" ብሎ ለጎረቤት መናገርስ? ስሙ ራሱ ያስደነግጣል። (ለእናቶቻችን "የፍትሕ ትምህርት" ብላችሁ ንገሯቸው፤ ውሸትም አይደለም።) ኢማም ገዛሊ (ረሒመሁላህ) በኢሕያእ ውስጥ በዘመናቸው ሰው ሁሉ ለፊቅህ ክርክር ሲሽቀዳደም በስንት ከተማ ሙስሊም ሐኪም እንደሌለ አማርረው ጽፈዋል፤ ሕክምና ፈርድ ኪፋያ ሆኖ ሳለ ማንም አልነካውም ብለው። ዛሬ ኢማሙ ግቢያችን መጥተው የምርጫ ቅጾቻችንን ቢያዩ ቅሬታቸው ወደ ሌላ ዞሮ ያገኙታል፤ ሁሉም ሕክምናና ሶፍትዌር ነው። ኢንጂነር የሆንነው እኛ ይህን ስንል "ታዲያ እናንተ ለምን አልገባችሁም?" ትሉን ይሆናል። ሚዛኑ የሚስተካከለው ገና ባልመረጡት ነው። እኛ ደግሞ ከላይ እንዳልነው በእሳት ምርመራ በኩል የምንገባበትን በር እየፈለግን ነው።

ስለ ነጥብ አትፍሩ። ሕግ ብዙ ማንበብና ብዙ መጻፍ ይጠይቃል፤ መድረሳ ውስጥ መትን ሐፍዞ ሸርሑን ያነበበ፣ ሐዲስ ከነሰነዱ የያዘ፣ "ማን ከማን ሰማ?" ብሎ መጠየቅ የለመደ ልጅ የምስክር ቃል መመዘን አይከብደውም። እንግሊዝኛው ሊያታግላችሁ ይችላል፤ እሱ ሁሉም ዲፓርትመንት ያለ ነው።

ከሕግ ትምህርት ቤት ሁለት የጀመዓችን ልጆች፣ አንድ ወንድምና አንዲት እህት፣ እሑድ ከዐስር ሶላት በኋላ በተለመደው ቦታ ለፍሬሽ ተማሪዎች ይቀመጣሉ። የወንጀል ሕጉንና የ1954ቱን የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ይዘው ይመጣሉ፤ ገልጣችሁ ማየት ትችላላችሁ። ቅጹ የሚዘጋው ሐሙስ ስለሆነ ከእሑድ በፊት አትሙሉት። ጥያቄ ያላችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ብታመጡ ይቀላል፤ በሰው ፊት መጠየቅ የምታፍሩ እህቶች ወረቀቱን ለእህታችን ብቻ ስጧት።